ስለ ቬሎሲራፕተር የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልጆች፣ ቬሎሲራፕተር ከ75 እስከ 71 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ዛሬ ሞንጎሊያ በምንላት አገር ይኖር የነበረ ትንሽ ሥጋ በል ዳይኖሰር ነው። የመጀመሪያው ቅሪተ አካል እ.ኤ.አ. በ1923 በጎቢ በረሃ ተገኝቶ በቀጣዩ ዓመት ስም ወጣለት። ስለ እርሱ የምትሰሙት ብዙው ነገር ግን ከፊልም የመጣ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ለምታድጉ ለእናንተ፣ በአካባቢያችሁ ያሉትን እንስሳትና ድንጋዮች ምስክር እያደረግሁ፣ ስሕተቶቹን በየተራ ለማረም እሞክራለሁ።

«ቁመቱ ከሰው ይበልጥ ነበር።»

እውነታው ሌላ ነው። ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጫፍ ሁለት ሜትር ያህል ይረዝም የነበረ ቢሆንም፣ ከዚህ ርዝመት ብዙውን የሚይዘው ጭራው ነው። ዳሌው ከመሬት ግማሽ ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ይል ነበር፤ ክብደቱም ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም ይገመታል። በፊልም የሚታየው ግዙፍ አካል በሰሜን አሜሪካ ይኖር ለነበረው ዘመዱ ለዳይኖኒከስ ይቀርባል።

«ቆዳው እንደ አርጃኖ ቅርፊታም ነበር።»

በሐይቁ ዳር አርጃኖ ፀሐይ ሲሞቅ ያየ ልጅ «ትንሽ ዳይኖሰር» ብሎ ቢጠራው አይፈረድበትም። ሆኖም የአርጃኖ እግሮች ወደ ጎን የተዘረጉ ሲሆኑ፣ የዳይኖሰር እግሮች ግን ቀጥ ብለው ከሰውነቱ በታች የቆሙ ነበሩ፤ ቬሎሲራፕተርም የሚሄደው በሁለት እግሩ ነበር።

ቬሎሲራፕተር ላባ እንደነበረው የሚያሳየው ዋናው ማስረጃ ያለው ግን ክንዱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች ከሞንጎሊያ የተገኘ አንድ የክንድ አጥንት በጥንቃቄ ሲመረምሩ፣ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ትንንሽ እብጠቶች እንዳሉበት አስተዋሉ። እንዲህ ያሉ እብጠቶች ዛሬ በብዙ ወፎች አጥንት ላይ ይገኛሉ፤ ትልልቆቹ የክንፍ ላባዎች በጅማት ተይዘው የሚተከሉት እዚያ ላይ ነውና። ላባው ራሱ ከጊዜ ብዛት ጠፍቷል፤ የተተከለበት ቦታ ግን በአጥንቱ ላይ ቀርቷል። ከሰባ ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየን ነገር ከአንዲት ትንሽ እብጠት ማንበብ መቻሉ ለእኔ ከሁሉ በላይ የሚያስደንቅ ነው። በቻይና ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የላባቸው ምልክት በድንጋይ ላይ ታትሞ የቀረ ሌሎች ትንንሽ ዳይኖሰሮች ተገኝተዋል።

ስለዚህ በጣና ዳር የቬሎሲራፕተርን የቅርብ ዘመድ የሚፈልግ ልጅ አርጃኖውን ትቶ ፔሊካኑን፣ ንስሩንና በግቢው ያለችውን ዶሮ ይመልከት። ወፎች የወጡት ከትንንሽ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ወገን ነው፤ የዘርፉ ሊቃውንትም ወፎችን ዛሬ በሕይወት ያሉ ዳይኖሰሮች አድርገው ይቆጥሯቸዋል። «ዳይኖሰሮች ሁሉ ጠፍተዋል» የሚለው አባባልም በዚሁ ይታረማል።

«ላባ ካለው ይበር ነበር።»

አይበርም ነበር፤ ክንዶቹ ለክብደቱ አጭር ናቸው። ሰጎንም ላባ እያላት አትበርም። ላባው ሙቀት ለመጠበቅ፣ እንቁላል ለመሸፈን ወይም ለሌሎች ለመታየት ሳይጠቅመው አልቀረም።

«በማጭድ መሰል ጥፍሩ የሌላውን እንስሳ ሆድ ይቀድ ነበር።»

በእያንዳንዱ እግሩ ሁለተኛ ጣት ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝም ቆልማማ ጥፍር እንደነበረው እርግጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ተመራማሪዎች በዚህ ጥፍር አምሳል የተሠራ ሰው ሠራሽ እግር በሥጋ ላይ ሲሞክሩ ግን፣ ጥፍሩ ቀዳዳ አበጀ እንጂ ሥጋውን በረጅሙ አልሰነጠቀም። ጭልፊት ጫጩት ስትነጥቅ ጥፍሯን ሰክታ አጥብቃ እንደምትይዝ፣ ቬሎሲራፕተርም ያደነውን በእግሩ ተጭኖ ይይዝ እንደነበር ብዙዎች ያምናሉ። እኔም ይህን አስተያየት እቀበላለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የፖላንድና የሞንጎሊያ ተመራማሪዎች ያገኙት ቅሪተ አካል ይደግፈዋልና። በእርሱ ላይ ቬሎሲራፕተርና ፕሮቶሴራቶፕስ የተባለው፣ በግ የሚያህል ቅጠል በል ዳይኖሰር እንደተያያዙ በአሸዋ ተቀብረው ይታያሉ፤ የአንደኛው ጥፍር በሌላው አንገት በኩል ሲሆን፣ ቅጠል በሉም የአጥቂውን ክንድ በአፉ ነክሶ ይዟል።

«በመንጋ ሆኖ ያድን ነበር።»

ቬሎሲራፕተሮች ተባብረው ሲያድኑ የሚያሳይ ቅሪተ አካል አልተገኘም።

«እንዲህ ያለው ዳይኖሰር በጣና ዳርም ይኖር ነበር።»

ቬሎሲራፕተር የኖረው በእስያ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ የጣና ሐይቅ ራሱ አልነበረም። በሐይቁ ዙሪያ የምታዩት ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ሲሆን፣ የዚህ ዓይነቱ ድንጋይ በሰሜን ኢትዮጵያ በብዛት የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ከወፎች በቀር ዳይኖሰሮች የጠፉት ግን ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ በዚህ ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር አጥንት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ኢትዮጵያ ዳይኖሰር አልነበረባትም ማለት ግን አይደለም። ከጣና የሚወጣው ዓባይ ጥልቅ ሸለቆ ቆርጦ ሲወርድ፣ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ በታች ያለውን የዳይኖሰሮች ዘመን የአሸዋና የኖራ ድንጋይ ገልጦታል። በዚሁ በዓባይ ተፋሰስ፣ የሙገር ጭቃ ድንጋይ በሚባለው ንብርብር ውስጥ፣ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል፤ ከእነርሱም መካከል የሥጋ በሎች ጥርሶች አሉ። የእነዚህ ጥርሶች ባለቤቶች ከቬሎሲራፕተር ሰባ አምስት ሚሊዮን ዓመት ያህል ቀድመው የኖሩ ናቸው።