የኤሌክትሮኒክ ቡስት ኮንትሮል ምንድን ነው? ከሞላው በታች ስለማይወርደው ቁጥር

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ ቱርቦ መኪናው በልበ ሙሉነት ሲያስረዳ ሰማሁት። «ኤሌክትሮኒክ ቡስት ኮንትሮለር አስገጥሜያለሁ። ከተማ ውስጥ 0.3 ባር አደርገውና ነዳጅ እቆጥባለሁ። መንገዱ ሲከፈትልኝ 1.2 እሰጠዋለሁ። ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ሞተሩን ራሱ ይጠብቀዋል» አለ። መኪናው ላይ ያለው የዌስትጌት ሞላ የ0.7 ባር ነው። ይህን ንግግር በተለያየ ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ሞተር ታስበላለች።

ቱርቦ ምን እንደሆነ በረጅሙ አልተርክም። ተርባይን የሚባለውን ጎኑን የሞተሩ ጭስ ያዞረዋል፤ ኮምፕረሰር የሚባለው ጎኑ ደግሞ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ይጨምቃል። ያ ተጨማሪ ግፊት ቡስት ይባላል፤ የሚለካውም በባር ነው። ዌስትጌቱም ትርፉን ጭስ ተርባይኑን ሳይነካ ወደ ጭስ ማውጫው ይለቀዋል። ነገሩ የሚምታታው ዌስትጌቱን ማን እንደሚከፍተው ሲጠየቅ ነው።

ዌስትጌቱን እንደ በር ቁጠሩት። አክቹዌተሩ ደግሞ ዘበኛው ነው። ዘበኛው በሩን ዘግቶ የሚይዘው በውስጡ ባለው ሞላ ጉልበት ነው። ውጭ ያለውን አያይም። የሚያውቀው ከኮምፕረሰሩ ተነስታ የምትመጣ አንዲት ቀጭን ቱቦ የምታደርስለትን ብቻ ነው። ቱቦዋ መልእክተኛ ናት። የምታመጣው ግፊት ከሞላው ጉልበት ሲበልጥ ዘበኛው በሩን ይከፍታል። ሞላው የ0.7 ከሆነ በ0.7 አካባቢ ይከፈታል ማለት ነው። ኤሌክትሮኒክስ ባይኖርም መኪናው እንዲህ ሆኖ ይሄዳል።

ኤሌክትሮኒክ ቡስት ኮንትሮል መንገድ ላይ ቆሞ ከመልእክቱ የሚቀንስ ሦስተኛ ሰው ነው። እጁ ሶሌኖይድ ይባላል፤ መዳፍ ውስጥ የምትገባ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ነች። በሰከንድ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ገደማ ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። ሞተሩ ጠፍቶ ስትፈተን ጆሮ ቢያስጠጉ ጥዝዝ ስትል ትሰማለች። በቱቦዋ ከመጣው ግፊት ከፊሉን አስተንፍሳ የተረፈውን ለዘበኛው ታሳልፋለች። ኮምፕረሰሩ 1.0 ባር ሲያወጣ ዘበኛው ጋ የሚደርሰው ገና 0.7 ነው። በሩ የሚከፈተውም ያኔ ነው።

ሥራው ይኸው ነው። መልእክት ይቀንሳል፤ መጨመር ግን አይችልም። ስለዚህ የ0.7 ሞላ ባለበት መኪና ስክሪኑ ላይ 0.3 ብላችሁ ብትጽፉ ሶሌኖይዱ ሁሉንም መልእክት ያሳልፋል፣ ዘበኛውም 0.7 እስኪሰማ በሩን አይለቅም። መኪናው 0.7 ይነፋል። ዝቅተኛውን ቁጥር የሚወስነው ሞላው ነው፤ ከዚያ በታች የሚፈልግ ሰው ሞላ ይቀይር። የነዳጅ ቁጠባውም ቢሆን አያስኬድም። ከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በቫኪዩም፣ ማለትም ከአካባቢው አየር ባነሰ ግፊት ነው። ቡስት በሌለበት ሰዓት ቡስት ኮንትሮለሩ የሚቆጣጠረው ነገር የለም።

ሌላው የሚያናድደኝ ፐርሰንቷ ናት። ስክሪኑ ላይ ዲዩቲ 50 የሚል ሲያዩ «ግማሽ ግፊት» ብለው የሚያነቡ አሉ። ዲዩቲ የጊዜ ድርሻ ነው። ሶሌኖይዱ በሰከንድ 30 ጊዜ የሚሠራ ከሆነ አንዱ ዙር 33 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። 50 ማለት ከዚያ ውስጥ ግማሹን ጊዜ ኤሌክትሪክ አግኝቷል ማለት ነው። ምን ያህል ባር እንደሚወጣ ሞላው፣ የቱቦው ርዝመትና ውፍረት፣ የጭስ ማውጫው ጥበት፣ የዕለቱ ሙቀት ሳይቀሩ ይወስናሉ። የጓደኛን ቁጥር ገልብጦ መሙላት የጓደኛን መነጽር አድርጎ እንደመንዳት ነው።

አንድ ጊዜ ግፊቱ በሦስተኛ ማርሽ እየዘለለ ያስቸገረ መኪና አመጡልኝ። ስክሪኑ ላይ የተሞላው ቁጥር 0.9 ነው፤ ጌጁ 1.2 ነክቶ ይመለሳል። ባለቤቱ ፐርሰንቱን ሲያወጣና ሲያወርድ ሳምንት ፈጅቷል። ኮፈኑን ስከፍት ሶሌኖይዱ ከባትሪው አጠገብ ታስሯል፤ ከዚያ ወደ አክቹዌተሩ የሚሄደው ቱቦ ከአንድ ሜትር በላይ ነው፤ ትርፉ ተጠቅልሎ በፕላስቲክ ማሰሪያ ተይዟል። መልእክተኛዋ ዙሪያ ጥምጥም እየሄደች ነው። ግፊቱ ዘበኛው ጋ እስኪደርስ ቱርቦው አልፎት ይሄዳል። ሶሌኖይዱን ወደ ቱርቦው አቀረብነው፤ ቱቦውንም ቆርጠን አሳጠርነው። መዝለሉ ጠፋ ማለት ይቻላል። ከስክሪኑ ላይ አንድም ቁጥር አልነካንም።

በሩ ራሱ ጠባብ ከሆነ ደግሞ የመልእክት ጉዳይ አይደለም። ዘበኛው ሁሉንም ሰምቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቷል፤ ጭሱ ግን በበሩ አልችል ብሎ ቱርቦውን ማዞሩን ይቀጥላል። ዙሩ ሲጨምር ግፊቱ ቀስ እያለ ይወጣል። ቡስት ክሪፕ የሚባለው ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣውም ክፍት ጭስ ማውጫ ከተገጠመ በኋላ ነው። መፍትሔው ሰፋ ያለ ዌስትጌት ነው፤ ኮንትሮለር ምንም አያደርግለትም። የዚህ ተቃራኒም አለ። ከፍ ባለ ዙር ጭሱ ራሱ በሩን ከውስጥ ገፍቶ ይከፍተዋል። መልእክቱን ሙሉ በሙሉ ብትቆርጡበትም ግፊቱ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ሞላው ደካማ ነው። በልምድ የምንሠራበት ልክ አለ፦ የምትፈልጉት ግፊት ከሞላው እጥፍ ባያልፍ ጥሩ ነው።

አሁን ወደዚያች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ልመለስ። «ራሱ ይጠብቀዋል።»

የሚጠብቅ ሥርዓት አለ፤ አልክድም። የስዊድኑ መኪና አምራች ሳብ እ.ኤ.አ. በ1982 ኤፒሲ የሚባል ሥርዓት 900 ቱርቦ በሚባለው መኪናው ላይ አቅርቦ ነበር። ሞተሩ ላይ የተተከለ ሴንሰር የኖክን፣ ማለትም ነዳጁ ያለጊዜው ሲፈነዳ የሚሰማውን የማንኳኳት ድምፅ ያዳምጣል። ደካማ ቤንዚን ገብቶ ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር ኮምፒውተሩ በሶሌኖይዱ በኩል ግፊቱን ይቀንሳል። እዚያ ሦስተኛው ሰው ጆሮ ነበረው። የዛሬዎቹ የፋብሪካ ኮምፒውተሮችም እንደዚያው ያዳምጣሉ። ለብቻው ተገዝቶ ዳሽቦርድ ላይ የሚለጠፈው ሳጥን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ግፊትን ብቻ ነው። ነዳጁ ማነሱን፣ አየሩ መጋሉን፣ ፒስተኑ መንኳኳቱን አያውቅም። 0.9 ስጠን ካላችሁት፣ ሞተሩ እየሞተም ቢሆን 0.9 ይሰጣችኋል።

አንዳንዴ ደግሞ አደጋውን ራሱ ያመጣዋል። ሳጥኑ ግፊቱን የሚለካበት የራሱ ሌላ ቱቦ አለው። ያቺ ቱቦ ሙቀት አድርቋት ከጫፏ ብትሾልክ ሳጥኑ የሚያነበው ዜሮ ነው። «ግፊት የለም» ብሎ ለዘበኛው የሚደርሰውን መልእክት በሙሉ ይቆርጣል። በሩ አይከፈትም፤ ቱርቦው ያለ ልጓም ይነፋል። ሶሌኖይዱ በትክክል ከተገጠመ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥ መኪናው ወደ ሞላው ግፊት ይመለሳል፤ ያ ጥሩ ነው። ቱቦ ሲወልቅ ግን እንዲህ ያለ መመለሻ የለም። ለዚህ ነው የሞተሩ ኮምፒውተር ላይ ከተፈለገው ግፊት በ0.2 ባር ያህል ከፍ ብሎ ነዳጅ የሚቆርጥ ገደብ ሳይሞላ መኪና የማላስረክበው። የቱቦዎቹን ጫፎችም በጣቴ ጎተት አድርጌ አያለሁ። ጫፉ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ሩብ ጣት ቆርጦ መልሶ ማሰር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከፍ ያለ ቦታ ለሚነዳ ሰው ይጠቅማል። ጌጅ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ 1 ባር ሲል ቱርቦው 1 ባሩን አየር 2 አድርጎታል፤ እጥፍ ማለት ነው። 2,000 ሜትር ላይ ግን የአካባቢው አየር 0.8 ባር ገደማ ነው። ኮንትሮለሩ ፍጹም ግፊትን (የአካባቢውን አየር ጨምሮ የሚቆጠረውን) የሚከተል ዓይነት ከሆነና ያንኑ 2 ከጠየቀ፣ ቱርቦው አየሩን ሁለት ተኩል እጥፍ መጭመቅ አለበት። 25 ዲግሪ የነበረ አየር በ70 ፐርሰንት ብቃት እጥፍ ሲጨመቅ 118 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይወጣል። ሁለት ተኩል እጥፍ ሲሆን ከ150 ያልፋል። ቱርቦው ከልኩ በላይ ይሽከረከራል፣ የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለርም አይችለውም። ስለዚህ ሳጥኑ የሚለካው የትኛውን እንደሆነ ሳታውቁ ቁጥር አትሙሉ።

ስትሞሉም ከዜሮ ጀምሩ። ዳይኖ (መኪናው በቆመበት ጉልበቱ የሚለካበት ማሽን) ላይ፣ ዲዩቲውን ዜሮ አድርጋችሁ፣ በአራተኛ ማርሽ ሙሉ ነዳጅ ስጡትና ስንት እንደሚነፋ እዩ። የአክቹዌተሩ ሞላ እውነተኛ ቁጥር ያ ነው። ከዚያ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፤ በየደረጃው ነዳጁንና ኖኩን ሳታዩ ወደሚቀጥለው አትለፉ። ግፊት ሲጨምር አየር ይጨምራል፣ አየር ሲጨምር ነዳጅ የግድ መጨመር አለበት። ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ካቃተው እዚያው አቁሙ።

ለዚያ ሰውዬ ፍትሐዊ ለመሆን፣ የተናገረው የሚሠራበት መኪና አለ። በርካታ አዳዲስ የፋብሪካ መኪኖች በግፊት የሚሠራውን አክቹዌተርና ቱቦውን ትተው ዌስትጌቱን በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ይከፍቱታል። እዚያ መልእክተኛም ዘበኛም የለም፤ ኮምፒውተሩ በሩን በራሱ እጅ ይዞታል። ሲፈልግ ገና በ0.2 ባር ይከፍተዋል፣ ሲፈልግ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ወለል አድርጎ ጭሱን ወደ ካታሊስቱ (የጭስ ማጣሪያው) ይለቀዋል። የእሱ መኪና ግን ቱቦ ያለው ነው። ኮፈኑን ከፍቼ አይቻለሁ።