በብሪጅ ውድድር የሚፈቀዱ ስምምነታዊ ጥሪዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ብሪጅን በስልካቸው የለመዱ የማውቃቸው ወጣቶችና መምህራን ሲገናኙ ደጋግመው የሚከራከሩበት አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም በውድድር ላይ የትኛው ጥሪ እንደሚፈቀድና የትኛው እንደሚከለከል ነው። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ለመግለጽ፣ ብሪጅ ሁለት ሁለት ሆነው የተጣመሩ አራት ሰዎች በ52 ካርታ የሚጫወቱት ሲሆን፣ እያንዳንዱ 13 ካርታ ከተሰጠው በኋላ ስንት ዙር እንደሚያሸንፉና ከአራቱ የካርታ ዓይነቶች (ክለብ፣ ዳይመንድ፣ ልብና ስፔድ) የትኛው ትራምፕ፣ ማለትም ሌሎቹን የሚበልጥ እንደሚሆን በጨረታ ይወሰናል፤ በጨረታው እያንዳንዱ በተራው የሚለው «ጥሪ» ይባላል። ስምምነታዊ ጥሪ የሚባለው በዚህ ጨረታ ላይ ተጣማሪዎቹ አስቀድመው ተስማምተው፣ ላይ ላዩን ከሚሰማው የተለየ ትርጉም የሰጡት ጥሪ ነው።

«ክለብ ብሎ ጠርቶ ክለብ ያልያዘ ሰው አጭበርብሯል»

ይህ ከሁሉም የተስፋፋው ስህተት ነው። አንዱ ጨረታውን «አንድ ያለ ትራምፕ» ብሎ ሲከፍት ተጣማሪው «ሁለት ክለብ» ብሎ ቢመልስ፣ በብዙዎች ዘንድ ይህ ጥሪ «አራት የስፔድ ወይም አራት የልብ ካርታ አለህ?» የሚል ጥያቄ ነው፤ የጠራው ሰው አንድም ክለብ ላይኖረው ይችላል። ጥሪው ሳሙኤል ስቴይማን እ.ኤ.አ. በ1945 ጽፎ ስላስተዋወቀው በእርሱ ስም ይታወቃል፤ የፈጠረው ግን ተጣማሪው ጆርጅ ራፔ ነበር። ዛሬ በየትኛውም አገር ውድድር ማለት ይቻላል የተፈቀደ ነው። «አራት ያለ ትራምፕ» ብሎ የአሶችን ብዛት የሚጠይቀው የብላክዉድ ጥሪም እንዲሁ። የተጋጣሚን ጥሪ ውጤት የሚያጥፈው «ደብል» እንኳ ዝቅ ባለ ደረጃ፣ ማለትም የጥሪው ቁጥር ትንሽ ሳለ፣ ሲጠራ በአብዛኛው ትርጉሙ «እናሸንፋቸዋለን» ሳይሆን «ብዙ ካርታ የያዝክበትን ዓይነት ንገረኝ» ነው።

ማጭበርበር የሚባለው ሌላ ነው። ተጣማሪዎች መልእክት እንዲለዋወጡ የተፈቀደላቸው በጥሪውና በሚጥሉት ካርታ ብቻ ነው። በድምፅ ቅላጼ፣ በዓይን ጥቅሻ ወይም ሆን ተብሎ በዘገየ ጥሪ የሚተላለፍ መልእክት፣ ጥሪው የቱንም ያህል ቀላልና የታወቀ ቢሆን ክልክል ነው። በቤት ጨዋታ ምልክት መለዋወጥ የለመደ ሰው ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አጥብቆ ሊይዘው ይገባል።

«የተፈቀዱ ጥሪዎች አንድ ዓለም አቀፍ ዝርዝር አላቸው»

እንዲህ ያለ ዝርዝር የለም። እ.ኤ.አ. በ1958 የተመሠረተው የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን የሚያወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የተሻሻለው የጨዋታው ሕግ፣ በ40ኛው አንቀጹ ተጣማሪዎች ስምምነት እንዲኖራቸው ይፈቅዳል፤ ልዩ የሆኑ ስምምነቶችን የመፍቀድ፣ የመከልከል ወይም በቅድመ ሁኔታ የማስተናገድ ሥልጣንን ግን ውድድሩን ለሚመራው አካል ይሰጣል። በዚህም የተነሳ የሰሜን አሜሪካው የብሪጅ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ከጀማሪዎች እስከ ከፍተኛ ተወዳዳሪዎች በአራት ሰንጠረዦች የተከፋፈለ ደንብ ይጠቀማል፤ እንግሊዞች የራሳቸው ደረጃዎች አሏቸው፤ የዓለም ፌዴሬሽኑ ደግሞ የጥሪ ሥርዓቶችን አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ እያለ በቀለም ይለያል።

ለምሳሌ «ሁለት ዳይመንድ» ብሎ በመክፈት ስድስት የስፔድ ወይም ስድስት የልብ ካርታ ያለበት ደካማ እጅ (ትልልቅ ካርታ የሚያንሰው) መያዝን የሚያመለክት ሙልቲ የሚባል ጥሪ አለ። የዓለም ፌዴሬሽኑ ከታች ከሚነሳው ጥብቅ ገደብ ነጥሎ ያስተናግደዋል፤ በአሜሪካ ግን በቀድሞው አጠቃላይ ሰንጠረዥ አይፈቀድም ነበር። ስለዚህ ስለ አንድ ጥሪ ሕጋዊነት ሲጠየቅ ውድድሩ አብሮ ካልተጠቀሰ መልስ መስጠት አይቻልም።

«የሚከለከለው የተወሳሰበ ስለሆነ ነው»

መመዘኛው ውስብስብነት ቢሆን ኖሮ «አንድ ክለብ» ሁልጊዜ ጠንካራ እጅን የሚያመለክትባቸው ሥርዓቶች ቀድመው በተከለከሉ ነበር፤ አንዳንዶቹ ለማጥናት ወራት ይፈጃሉና። እነርሱ ግን በሰማያዊው ምድብ ውስጥ ሆነው በብዛት ይፈቀዳሉ። ገደቡ የሚያነጣጥረው ተጋጣሚው መከላከያ የሚያቆምበት መሠረት በማያገኝባቸው ጥሪዎች ላይ ነው። ደካማ እጅ የያዘ ሰው የትኛውንም የታወቀ ዓይነት ሳይጠቁም ከፍ ባለ ደረጃ ሲከፍት፣ ተጋጣሚዎቹ የትኛው ዓይነት የእርሱ፣ የትኛው የእነርሱ እንደሆነ ሳያውቁ ይቀራሉ። ከ«ሁለት ክለብ» እስከ «ሦስት ስፔድ» ባሉት መክፈቻዎች፣ ደካማ ሊሆን የሚችልና በአንድ በታወቀ ዓይነት ቢያንስ አራት ካርታ መኖሩን የማያረጋግጥ ጥሪ፣ ከሙልቲ በቀር፣ በዓለም ፌዴሬሽኑ ደንብ ቡናማ ምልክት ይለጠፍበታል።

በቢጫ የተመደቡት ደግሞ ከዚህም የራቁ ናቸው። በእነዚህ ሥርዓቶች መጀመሪያ የሚናገረው ሰው «ፓስ» (አልጫረትም) ሲል ጠንካራ እጅ እንደያዘ ሊያመለክት ይችላል። ወይም በአንደኛ ደረጃ የተጠራ መክፈቻ በተጠቀሰው ዓይነት «ብዙ አለኝ፣ አለዚያም ከነጭራሹ ጥቂት ነው ያለኝ» ማለት ይሆናል። አስ 4፣ ኪንግ 3፣ ኩዊን 2፣ ጃክ 1 ነጥብ ሲቆጠር በመላው ካርታ 40 ነጥብ ስላለ የአንድ ሰው አማካይ 10 ነው፤ በስምምነት በ7 ነጥብና ከዚያ በታች በአንደኛ ደረጃ የሚከፍት ሥርዓትም እዚሁ ይመደባል። እንዲህ ያሉት የሚፈቀዱት፣ ከተፈቀዱ፣ ስምምነቱ ቀደም ብሎ በጽሑፍ በሚቀርብባቸውና ሁለት ቡድኖች ለረዥም ሰዓት በሚፋለሙባቸው ውድድሮች ነው። በአንድ ገበታ ሁለትና ሦስት እደላ ተጫውቶ ወደሚቀጥለው በሚታለፍበት ውድድር ለመዘጋጀት ጊዜ የለም፤ እኔ ይህን ገደብ ፍትሐዊ ሆኖ አገኘዋለሁ።

«ስምምነቱ የሁለታችን ምሥጢር ነው»

እዚህ ላይ የጎጃም ልጅ የሚሳሳትበት የራሱ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ወግ ወርቁን ከሰሙ ሥር ቆፍሮ ማውጣት የሰሚው ፋንታ ነው፤ ባለቅኔው አይነግረውም። በብሪጅ ግን ተጋጣሚው ወርቁን ሳይደክም የማግኘት መብት አለው። ለጥሪው የተሰጠው ትርጉም ለተጣማሪ የታወቀውን ያህል ለተጋጣሚም ሊታወቅ ይገባል፤ ያልተገለጠ ስምምነት፣ ስቴይማንን የመሰለ የተፈቀደ ጥሪ እንኳ ቢሆን፣ በመደበቁ ብቻ ሕገወጥ ይሆናል። ለዚህም ሲባል ተጣማሪዎች የስምምነት ካርድ ይሞላሉ፤ ማሳወቂያ በሚያስፈልገው ጥሪ ላይም ምልክት ይሰጣሉ።

አሠራሩም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በገበታ ዙሪያ ሲጫወቱ የጥሪውን ትርጉም የሚያብራራው የጠራው ሳይሆን ተጣማሪው ነው። በስልክ የለመዱት ግን፣ ብሪጅ ቤዝ ኦንላይንን በመሰሉት መድረኮች የጠራው ራሱ ስለሚያብራራ፣ ይህን ልማድ ይዘው ወደ ገበታ ይመጣሉ፤ ተጣማሪያቸው በስህተት ሲያብራራም በመሐል አቋርጠው ያርማሉ። ይህ አይፈቀድም። ጨረታውን አሸንፎ ውሉን የሚጫወተው ወገን ከሆነ ጨረታው እንዳበቃ፣ የመጀመሪያው ካርታ ሳይወጣ፣ ዳኛውን ጠርቶ ያርማል፤ ተከላካዩ ወገን ከሆነ ግን እደላው ተጫውቶ እስኪያልቅ ዝም ይላል፤ አለዚያ እርማቱ ራሱ ለተጣማሪው የተላለፈ መልእክት ይሆናል።

«በእጁ የሌለውን የጠራ ይቀጣል»

አይቀጣም። ተጫዋቹ ከስምምነቱ ወጥቶ ተጋጣሚውን ለማሳሳት መጥራት ይችላል፤ ግዴታው ተጣማሪውም እኩል እንዲታለል ብቻ ነው። ተጣማሪው «እርሱ እንዲህ ማድረግ ይወዳል» ብሎ ጠርጥሮ ራሱን ካስተካከለ፣ ነገሩ እንደ ድብቅ ስምምነት ይቆጠራል። ስምምነታዊ ጥሪዎችን ለማሳሳቻ መጠቀምን ግን የውድድሩ አዘጋጅ ሊገድብ ይችላል።

«ስምምነቱን መርሳት ጥፋት ነው»

መርሳት በራሱ ጥፋት አይደለም። ተጣማሪው ስምምነቱን በትክክል ካብራራና የተሳሳተው የጠራው ሰው ከሆነ፣ ተጋጣሚዎቹ ቢጎዱም ውጤቱ ይጸናል። የተሳሳተው ማብራሪያው ከሆነ ግን ዳኛው ጉዳቱን አይቶ ውጤቱን ያስተካክላል። ሁለቱን ለመለየት ማስረጃ ከሌለ ዳኛው ስህተቱ የማብራሪያው ነው ብሎ እንዲወስድ ሕጉ ያዘዋል። በጨረታው ጊዜ የራስን የስምምነት ካርድ አይቶ ማስታወስ የተከለከለ ቢሆንም፣ ካርዱ በሙሉ ተሞልቶ ገበታው ላይ መገኘቱ በዚህ ሰዓት ለዳኛው ዋነኛ ማስረጃ ይሆናል።