ሎርድ ካርዲጋን፦ ማዕረጉን በገንዘብ የገዛው ፈረሰኛ

ካርዲጋን ሲባል ፊት ለፊት በቁልፍ የሚዘጋው ሹራብ ትዝ የሚላችሁ ትኖራላችሁ። ሹራቡ ስሙን ያገኘው ከአንድ እንግሊዛዊ የጦር መኮንን ነው። ሰውየው ጄምስ ብሩድነል፣ ሰባተኛው የካርዲጋን ኧርል ይባላል። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1797 ተወለደ። ሰባት እህቶች ነበሩት፤ ወንድ እሱ ብቻ። እንዲህ ያለ ልጅ እንዴት ተሞላቆ እንደሚያድግ ለአበሻ አይነገርም። ኧርልነት ከአባት ለልጅ የሚወርድ ማዕረግ ነው። ያኔ ከማዕረጉ ጋር ርስቱ፣ ዲን ፓርክ የተባለው ግዙፍ መኖሪያና የሎርዶች ምክር ቤት (የፓርላማው ላይኛ ምክር ቤት) ወንበር አብረው ይመጡ ነበር። አባቱ ሞተው ይህን ሁሉ የወረሰው በ1837 ነው። ልቡ ያለው ግን ፈረሰኛ ጦር ውስጥ ነበር።

በ1824 ተቀጠረ፤ በ1832 ሌተና ኮሎኔል ሆኖ 15ኛውን የሁሳር (ቀላል ፈረሰኛ) ክፍለ ጦር ያዝዝ ነበር። በስምንት ዓመት! ምስጢሩ ገንዘብ ነው። ያኔ በእንግሊዝ እግረኛና ፈረሰኛ ጦር ማዕረግ ይሸጥ ይገዛ ነበር። መንግሥት ዋጋ ተምኖለታል፤ የፈረሰኛ ሌተና ኮሎኔልነት 6,175 ፓውንድ ነው። ከዚያ በላይ ግን በውስጥ ይከፈላል። ካርዲጋን ከ35,000 በላይ እንዳፈሰሰ ይነገራል። ብር ካለ በሰማይ መንገድ አለ። መድፈኞችና መሐንዲሶች ከዚህ ገበያ ውጪ ነበሩ፤ የእነሱ ሥራ ትምህርት ይጠይቃላ። መቅደላ ድረስ የመጣው ሮበርት ናፒየር የቤንጋል መሐንዲስ ስለነበር በዚህ መንገድ አላለፈም።

ካርዲጋን ግን ከመኮንኖቹ ጋር መስማማት አልቻለም። በ1834 አንዱን ሻምበል ከስሶ ተረታና ከአዛዥነቱ ተነሳ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ 11ኛውን ክፍለ ጦር ተረከበ። ቤተሰቡ ቤተ መንግሥት ሰው ነበረው። ወታደሮቹን በቀይ ጠባብ ሱሪ አሽሞነሞናቸው፤ ወጪው ከኪሱ ነው። ህንድ የቆዩትን መኮንኖች ግን ጠመዳቸው። በምግብ አዳራሹ ፖርተር የሚባለውን ጥቁር ቢራ ከለከለ። በ1840 አንድ ምሽት ሻምበል ሬይኖልድስ ለእንግዳ የወይን ጠጅ አዘዘ። ወይኑ በጥቁር ጠርሙስ ቀረበ። ካርዲጋን ቢራ መስሎት ጦፈ፤ ነገሩ ተካርሮ ሻምበሉ ታሰረ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲያዩት “ጥቁር ጠርሙስ!” እያሉ ይጮሁበት ጀመር።

በዚያው ዓመት የቀድሞ መኮንኑ ሃርቪ ታኬት ጋዜጣ ላይ ወረፈው። ካርዲጋን ለሽጉጥ ፍልሚያ ጠራውና በሁለተኛው ተኩስ አቆሰለው። ፍልሚያ ወንጀል ነበርና ነገሩን ወፍጮ ቤት ያለ ሰው አይቶ ያዛቸው። ያኔ የሎርድ ዳኛው ሎርድ ነበርና ጉዳዩ በ1841 ሎርዶች ምክር ቤት ቀረበ። ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው የስም ካርድ “ሻምበል ሃርቪ ታኬት” ይላል፤ ክሱ ላይ ያለው ስም ግን ሃርቪ ጋርኔት ፊፕስ ታኬት ነው። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸው አልተረጋገጠም ተብሎ በነፃ ተሰናበተ። አያስቅም?

ስሙን ለታሪክ ያተረፈለት ግን እንግሊዝ ከሩሲያ ጋር የተዋጋችበት የክራይሚያ ጦርነት ነው፤ ጥቅምት 25 ቀን 1854፣ ባላክላቫ። ዋናው አዛዥ ሎርድ ራግላን ከኮረብታ ላይ ሆኖ ሩሲያውያን የተማረኩ መድፎችን ሊወስዱ ሲሉ አየ፤ ፈረሰኛው ይከልክላቸው ብሎ ጽፎ ላከ። ሸለቆው ውስጥ ያለው የፈረሰኛ ጦር አዛዥ ሎርድ ሉካን ግን ምንም አይታየውም። “የትኛውን መድፍ?” ሲል መልእክተኛው ሻምበል ኖላን እጁን ወደ ሸለቆው ማዶ ወነጨፈ። እዚያ ያለው ሌላ መድፍ ነው፤ የተጠመደ። ካርዲጋን ያኔ በሉካን ሥር የቀላል ፈረሰኛ ብርጌድ አዛዥ ነው። ሉካን የካርዲጋን እህት ባል ነው፤ ሁለቱ ግን ዓይንና ናጫ ናቸው። ካርዲጋን መድፉ በፊትም በግራም በቀኝም መሆኑን ተናገረ። ሉካን ትእዛዝ ነው አለ። በቃ። ካርዲጋን ሰይፉን መዝዞ ከሁሉ ፊት ጋለበ። ወደ 670 ፈረሰኛ ተከተለው፤ 110 ያህሉ ሞቱ፣ 160 ያህሉ ቆሰሉ። እሱ መድፎቹ ዘንድ ደርሶ ተመለሰ። ከተራ ወታደር ጋር ሰይፍ መማዘዝ የጄኔራል ሥራ አይደለም ባይ ነበር። የሚያድረውም ከወታደሮቹ ጋር ሳይሆን ወደብ ላይ በቆመችው የግል ጀልባው ውስጥ ነው። ደፋርነቱን ማንም አይክደውም። ግን ድፍረት ብቻውን የስንት ሰው ሕይወት ያወጣል?

እንግሊዝ ሲመለስ እንደ ጀግና ተቀበሉት። መጋቢት 28 ቀን 1868 ከፈረስ ወድቆ ሞተ፤ የናፒየር ጦር መቅደላ ሊደርስ ሁለት ሳምንት አካባቢ ሲቀረው ማለት ነው። ልጅ አልነበረውምና ማዕረጉ ለዘመድ አለፈ። የማዕረግ ሽያጭ በ1871 ተሻረ።

ባላክላቫ ላይ የጋለበበት ሮናልድ የተባለው ዳማ ፈረስ ከሱ በላይ ቆየ። ሲወራ እንደሚሰማው፣ በቀብሩ ዕለት አስከሬኑን ተከትሎ እንዲሄድ ታስቦ ነበር፤ እንዳይፈነጭ ማደንዘዣ ቢሰጡት ተኝቶ አልንቀሳቀስ አለ። አንዱ ብልጥ የጦር መለከት ነፋ። ሮናልድ ያን ጊዜ ጆሮውን አቁሞ ተነሳ።