አልታ ኤክስፕሬሲዮን ምንድን ነው? ያረጀ ዘመናዊ ሪዮሃስ እንዴት ይቀመሳል?

አልታ ኤክስፕሬሲዮን በሰሜን ስፔን፣ በኤብሮ ወንዝ ዳር ባለው የሪዮሃ ወይን አገር፣ በ1990ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የገነነ መጠሪያ ነው። ጠቆር፣ ወፈር ያለውንና የበሰለ ፍሬ ቃና ጎልቶ የሚወጣበትን ዘመናዊ ቀይ ወይን ያመለክታል። ሕጋዊ ደረጃ ግን አይደለም። እንዲያውም ከእነዚህ ወይኖች ብዙዎቹ ክሪያንሳ ወይም ሬዘርቫ የሚለውን የእርጅና ደረጃ ትተው "ሪዮሃ" በሚል ስም ብቻ ይሸጣሉ።

ልዩነቱ የሚገባው ከነባሩ ሲነሱ ነው። በነባሩ ስልት በዋናነት ቴምፕራኒዮ ከሚባለው ወይን የተጠመቀው፣ 225 ሊትር በሚይዝ፣ ኦክ ከሚባል የአሜሪካ ዛፍ እንጨት በተሠራ በርሜል፣ አብዛኛውን ጊዜም ባረጀ በርሜል፣ ለዓመታት ይቀመጣል። ግራን ሬዘርቫ ለመባል ቢያንስ 5 ዓመት መቆየት አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 2ቱ በበርሜል ነው። ሲቀዳ ቀለሙ ሳሳ ይላል፣ ቫኒላና ኮኮናት ይሸታል። በ1970 ኤንሪኬ ፎርነር በፈረንሳዩ የቦርዶ ወይን አገር ሊቅ በኤሚል ፔይኖ ምክር ማርኬስ ደ ካሴሬስ የተባለውን የወይን ጠጅ ድርጅት ሲያቋቁም የፈረንሳይ ኦክና አጠር ያለ የበርሜል ቆይታ ይዞ መጣ። በ1987 በሃሮ ከተማ የተመሠረተው ሮዳ የተባለ ድርጅትና ሌሎችም መንገዱን ገፉበት፦ ዕድሜ ጠገብ ተክል፣ ጥቂት ምርት፣ በደንብ የበሰለ ፍሬ፣ ከልጣጩ ጋር ረዘም ያለ ቆይታ፣ አዲስ የፈረንሳይ ኦክ። አልኮሉም ብዙ ጊዜ 14 በመቶና ከዚያ በላይ ነው።

አዲስ በርሜል በወይኑ በራሱ ታኒን ላይ የእንጨት ታኒን ይጨምርበታል። ታኒን እንደ ጠቆረ ሻይ ድድን የሚይዘው ነገር ነው። ዓመታት ሲያልፉ ፍሬው ይሳሳል፤ እንጨቱ ከወይኑ ጋር ካልተዋሃደ ግን ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ የ2001 ወይም የ2004 ጠርሙስ (ሁለቱም በሪዮሃ "እጅግ ምርጥ" የተባሉ ዓመቶች ናቸው) ሲከፈት ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ ፍሬው እንጨቱን ቀድሞ አልቋል ወይስ አብሮት ኖሯል?

ይህን በትክክል ለመፍረድ ዝግጅቱ ወሳኝ ነው። ጠርሙሱን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቀጥ አድርጎ ማቆም ያስፈልጋል። ቀለሙና ታኒኑ በዘመን ብዛት ተያይዘው ይከብዱና አተላ ሆነው ይዘቅጣሉ። ጠላ ጠማቂ እንደሚያውቀው አተላ ከተናወጠ ይደፈርሳል፤ የወይኑም አተላ ይመርራል፣ አፍ ውስጥም እንደ አሸዋ ይሰማል። የ20 ዓመት ቡሽ በተለመደው መክፈቻ መሃል ላይ ሊሰበር ይችላል። ሁለት ስስ ምላስ ያለው፣ በቡሹ ጎንና ጎን የሚገባው መክፈቻ ይሻላል። ከዚያ ከጠርሙሱ አንገት በታች መብራት አስቀምጦ ወደ ሌላ ዕቃ በዝግታ፣ ሳያቋርጡ ማንቆርቆር። አተላው አንገቱ ላይ ሲታይ ማቆም ነው፤ ከታች የሚቀረው ጥቂት ወይን አያስቆጭም።

ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። ብዙ ጥሩ ጠርሙስ ያለ ጥፋቱ የሚወቀሰው እዚህ ላይ ነው፦ 23 ዲግሪ ላይ አልኮሉ አፍንጫን ይመታል፣ ፍሬው ይደበቃል። በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ ታኒኑ ይሻክራል።

ሰፊ ብርጭቆ ውስጥ 70 ሚሊ ሊትር ያህል ቀድቶ ነጭ ወረቀት ላይ ማጋደል። ጠርዙ የሸክላ ጡብ መልክ ይዞ መሃሉ ገና ጠቆር ካለ፣ ለዚህ ስልት ጤናማ እርጅና ነው። መጀመሪያ ሳያሽከረክሩ ማሽተት፤ ስስ የሆነው መዓዛ ቶሎ ይተናል። ቀጥሎ አሽከርክሮ ማሽተት። ከተዋጣለት ወይን የደረቀ ፕሩኝና በለስ፣ ቆዳ፣ ትምባሆ፣ ቅርንፉድ፣ የተቀረጸ እርሳስ ይወጣል። ሲቀመስ ለ10 ሰከንድ ያህል አፍ ውስጥ ማዞር፤ ከዋጡ ወይም ከተፉ በኋላ የሚቀረውን ማዳመጥ። ፍሬው ከታኒኑ እኩል ወይም ዘግይቶ ካለቀ ወይኑ ደርሷል። የሚቀረው ድድ የሚያደርቅ የእንጨት ጣዕም ብቻ ከሆነ፣ ተጨማሪ ዓመት አያድነውም።

ብልሽትን ከእርጅና መለየትም ያስፈልጋል። እርጥብ ካርቶን ወይም ሻጋታ የሚሸት ከሆነ በቡሹ የመጣ ብክለት ነው፣ አየር አያስለቅቀውም። የፈረስ ጋጣ የሚሸተው ብሬታኖማይሲስ ከተባለ እርሾ ነው፤ ብዙ ሲሆን ፍሬውን ይሸፍናል። አቼቶ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተ ባክቴሪያ ገብቶበታል። ቡናማ ሆኖ የተላጠና የከረመ ፖም ከሸተተ አየር ገብቶበታል።

የመጀመሪያው ብርጭቆ ዝግ መስሎ ከታየ ሳይፈርዱ 30 ደቂቃ መጠበቅና እንደገና መቅመስ ይበጃል። ከ25 ዓመት በላይ ለሆነው ግን ከአተላው ለይቶ ወዲያው ማቅረብ ነው፣ መዓዛው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። የተረፈውን በትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ፣ በማግስቱም መጨረስ ነው።