አዳፕቲቭ ሰስፔንሽን ምንድን ነው? ለሚከፈልበትስ ያህል ይጠቅማል?

ሰስፔንሽን ማለት ቦዲውን ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኘውና የመንገዱን ንዝረት የሚቀንሰው የሞላና የሾክ አብሶርበር ክፍል ነው። ብዙ ገዢ አዳፕቲቭ ሰስፔንሽንን ከኤር ሰስፔንሽን ጋር ያምታታል። ኤር ሰስፔንሽን የብረት ሞላውን በአየር ከረጢት የሚተካ ነው፤ መኪናውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው እሱ ነው። አዳፕቲቭ የሚባለው ግን ብዙውን ጊዜ የሾክ አብሶርበሩን ጥንካሬ ይመለከታል። ሴንሰሮች የጎማውንና የቦዲውን እንቅስቃሴ ይከታተላሉ፤ ኮምፒውተሩም በሾኩ ውስጥ ዘይቱ የሚያልፍበትን ቫልቭ ያጠብባል ወይም ያሰፋል። ሲጠብ መኪናው ኩርባ ላይ ብዙም አያጋድልም፤ ሲሰፋ የመንገዱ ጉድጓድ ወገብ ድረስ አይሰማም። (ሁለቱ አብረው የተገጠሙበት መኪናም ስላለ ዝርዝሩን በደንብ ማንበብ ግድ ነው።)

ታዲያ ይገዛ? ከ2 ቶን በላይ በሚመዝን ቁመቱ ከፍ ያለ መኪና ላይ፣ በተለይ 21 ወይም 22 ኢንች ቸርኬ ከታዘዘ፣ አዎ እላለሁ፤ ቸርኬው ሲተልቅ ጎማው ይሳሳል፣ ስስ ጎማ ደግሞ ንዝረትን አይውጥማ። በ19 ኢንች ረክተው ቀስ ብለው ለሚነዱ ግን መደበኛው ይበቃል። መኪናውን ከዋስትናው ዘመን በኋላም የሚይዙት ከሆነ፣ ከመፈረምዎ በፊት የአንዱን ሾክ መለወጫ ዋጋ ይጠይቁ፤ ከተራው ሾክ በብዙ ይበልጣል። ከተቻለም ሁለቱን ዓይነት በዚያው ሸካራ መንገድ ላይ ነድተው ያወዳድሩ።