የርቀት ፈተና ቁጥጥር ምንድን ነው?

«ሲስተሙ ሃያ ኮራጆችን ያዘ» የሚል ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብሁ መቁጠር ትቻለሁ። የርቀት ፈተና ቁጥጥር ኮራጅ አይዝም። ተፈታኙን በካሜራና በማይክሮፎን እየቀረጸ፣ ዓይኑ ከስክሪኑ ሲርቅ፣ ሌላ ድምፅ ሲሰማ ወይም ፊቱ ከካሜራው ሲሰወር በቅጂው ላይ ምልክት ያኖራል፤ ምልክቱም ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም።

የግቢ ውሻን እናስብ። ሌባ ሲገባ ይጮኻል፤ የጎረቤት ልጅ ኳሱን ሊያነሣ ሲገባም ይጮኻል፤ ባለቤቱ ባትሪ ይዞ ካልወጣ በቀር የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ችግሩ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ከአልጋው አለመነሣቱ ነው። ፕሮክተርዩ የተባለው ኩባንያ በ2021 እ.ኤ.አ. ሰው የማይሳተፍበትን፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ብቻ የሚካሄደውን ቁጥጥር መሸጥ ያቆመው፣ ከጥቆማዎቹ አብዛኞቹን የትምህርት ተቋማቱ ሳያዩ እንደሚያልፏቸው ገልጾ ነበር።

አንድ አስተያየት ሰጪ «ስሕተቱ 5 ከመቶ ብቻ ከሆነ ምን ያስጨንቃል?» ሲል ሞግቷል። ከ1,000 ተፈታኞች 20ዎቹ ይኮርጃሉ፣ ሲስተሙም ከእነርሱ 16ቱን ይጠቁማል እንበል። ከቀሩት 980 ንጹሓን 5 ከመቶው፣ ማለትም 49ኙ፣ በስሕተት ይጠቆማሉ። ስለዚህ ከተጠቆሙት 65 ተማሪዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አልኮረጁም፤ 5 ከመቶ የተባለው ስሕተት ከንጹሓን ብዛት ላይ እንጂ ከተጠቋሚዎች ላይ አይሰላምና።

16ቱን ማግኘትም ቢሆን ለጋስ ግምት ነው። ውሻውን የለመደ ሌባ አጥንት ይጥልለታል፤ አጤሬራውን ከካሜራው እይታ በታች የሚያኖር ተማሪም እንዲሁ። በኔዘርላንድስ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፕሮክቶሪዮ የተባለውን ሶፍትዌር በ30 ተማሪዎች ላይ ሲሞክሩ፣ እንዲኮርጁ ከተነገራቸው 6 ተማሪዎች ሶፍትዌሩ በኮራጅነት የለየው አንድም አልነበረም። እርግጥ 30 ሰው ትንሽ ናሙና ነው፣ ታዞ የሚኮርጅም በራሱ ፈቃድ ከሚኮርጀው ሊለይ ይችላል፤ የምዘና ባለሙያ ነኝና ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

«ቢያንስ ያስፈራል» የሚለውን አልቃወምም። እነዚያው ተመራማሪዎችም ጥቅሙን ያመሳሰሉት መድኃኒት ከሌለበት፣ በሽተኛው ስላመነበት ብቻ ከሚያሽለው ክኒን ጋር ነበር። በር ላይ የተሰቀለ «ከኃይለኛ ውሻ ይጠንቀቁ» የሚል ሰሌዳም ሌባ ይመልስ ይሆናል፤ ሰሌዳውን ግን በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ምስክር አድርጎ የሚያቆመው የለም።