ቅጫም ምንድን ነው?

ቅጫም የቅማል እንቁላል ነው። እሁድ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የልጇን ራስ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ የምትቀምል እናት ያየ ያውቀዋል። ቅማሏ በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መሃል ጧ ትላለች፤ ቅጫሙ ግን አልላቀቅ ይላል። ፎረፎር ቢሆን እፍ ሲሉት ይበን ነበር። ቅጫምን ቅማሏ ከፀጉሩ ሥር አጠገብ እንደ ሙጫ ባለ ነገር ስለምታጣብቀው፣ በጥፍር ቆንጥጠው እስከ ጫፍ ካልሳቡት አይወርድም። ሳሙናም አይበግረውም።

አንዲት ቅማል በቀን እስከ 8 እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ በሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። የሚታየውን ሁሉ ገድለው ቅጫሙን ከተዉት፣ በሳምንቱ «ደግሞ ይሄ ከየት መጣ?» ይባላል። የፋርማሲው መድኃኒት ከ9 ቀን ገደማ በኋላ የሚደገመውም ለዚሁ ነው።

«ቅማላም» ስድብ ነው። ቆሻሻ፣ ድሃ ለማለት። የራስ ቅማል ግን የታጠበና ያልታጠበ ፀጉር አትለይም። አትዘልም፣ አትበርም፤ ራስ ከራስ ሲነካካ ትሻገራለች፣ በቃ። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ከ3 እስከ 11 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በየዓመቱ ከ6 እስከ 12 ሚሊዮን ጊዜ እንደምትከሰት ይገመታል። ታዲያ ድሃ ሰፈር ለምን ትበዛለች? አራት ልጆች አንድ ፍራሽ ላይ፣ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰው ያድራሉ፤ ሦስቱን ቀምሎ አንዱን መተው ልፋቱን ሁሉ ገደል ይከተዋል። መድኃኒቱ ለአንዷ ከተገዛ ለሌሎቹ ገንዘብ የለም። ወንዶቹስ ይላጫሉ፤ ሹሩባ ያላትን ልጅ መቀመል ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ጉልት የምትውል እናት ደግሞ ያን ግማሽ ቀን ከየት ታመጣዋለች? እኔ ድህነቱ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው፤ ንጽህናው ላይ አይደለም።

ስድቡ ትንሽ እውነት የሚያገኘው በልብስ ቅማል ነው። እሷ የምትኖረው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ የምትራባውም ቅያሪ በሌለው ሰው ላይ። ተስቦንና ግርሻ የሚባለውን ተመላላሽ ትኩሳት የምታስተላልፈውም እሷው ናት። በ2015 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀንድ ተነስተው አውሮፓ የደረሱ ስደተኞች ላይ ይኸው ግርሻ ታይቷል። የራስ ቅማል ግን ከማሳከክ፣ ሲታከክም ከሚመጣው ቁስል አልፋ በሽታ ስታዛምት አትታወቅም።

ነጭ ጋዝ ወይም የትኋን መርዝ ራስ ላይ ማፍሰስ የተለመደ ቢሆንም ቆዳ ያቃጥላል፣ ይመርዛል፤ ነጭ ጋዙ እሳት አጠገብ ከሆነ ሌላ ጣጣ ነው። ገንዘቡ ከሌለ ፀጉሩን አርጥቦ፣ ኮንዲሽነር ቀብቶ፣ ጥርሱ በተቀራረበ ሚዶ ከሥር እስከ ጫፍ ማበጠር ነው። ሚዶውን በየመሃሉ ነጭ ጨርቅ ላይ ይጥረጉት፣ የወጣው ይታያል። በሦስት በአራት ቀን እየደገሙ፣ ለሁለት ሳምንት፣ አብረው የሚያድሩትን ሁሉ።